ወንድሜ የሠራው የዶሮ ቤት በር

በሰፈራችን ሰዓት እላፊ የማይመለከተው ሸለምጥማጡ ብቻ ነበር። እኛ በጊዜ ገብተን በር ስንዘጋ እሱ ከአሮጌው ቤታችን ኮርኒስ ይወርድና ዶሮ ይዞ ይሄዳል። እናቴ ጠዋት ጠዋት ላባ እየጠረገች፣ «ዘንድሮስ ከእኔ ይልቅ እሱ ዶሮ በላ» ትል ነበር።

ሁለት እንስትና አንድ አውራ ሲቀሩን ታላቅ ወንድሜ፣ «ይሄን ለእኔ ተዉት» አለ።

ወንድሜ ግራኝ ነበር። ትምህርት ቤት በማስመሪያ እየመቱ ቀኝ ሊያደርጉት ሞክረዋል። የቀናላቸው በመጻፉ ብቻ ነው። መዶሻ ሲይዝ፣ ድንጋይ ሲወረውር፣ እኔን ሲኮረኩም በግራው ነው። ኩርኩሙ ከየት በኩል እንደሚመጣ ስለማውቅ በግራው በኩል አልቀመጥም ነበር።

ሥራውን የጀመረው በሥዕል ነው። የማድቤቱን ግድግዳ በከሰል ሞላው። ከዶሮ ቤቱ ጎን ሸለምጥማጡንም ሣለው። ከቤቱ ይበልጥ ነበር።

«ነብር ነው?» አልኩት።

«የአራዳ ሸለምጥማጥ ነው። አትናቀው።»

ጎረቤታችን፣ የወሎው ልብስ ሰፊ፣ ሥዕሉን ቆመው ካዩ በኋላ፣ «ጭንቅላቱ ከገባ ሌላው አካሉ ይከተላል። ቀዳዳውን ጠበብ፣ ሥሩን ጠለቅ አድርገው» አሉት። ከዚያ ፒንሳቸውን አዋሱት።

የሽቦ መረብ ፈልገን አጣን። ወንድሜ የራሱን የብረት አልጋ ፈታና ሱስታውን አወጣ። እናቴ ደንግጣ መጣች።

«የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን እንዳትጥል። ለዶሮ ቆጥ ልትሠራ አንተ መሬት ልትተኛ ነው?»

«መሬት ለምን እማዬ? ወንድሜ አልጋ አለው አይደል እንዴ» አላት።

ከዚያች ቀን ጀምሮ በእኔ አልጋ የሚተኛው እሱ ሆነ። እኔም እዚያው አልጋ ላይ ነኝ፤ ግን ጠርዙ ላይ ነኝ። ብዙ ጊዜ የሚነጋብኝ ወለሉ ላይ ነው።

ሱስታውን ፊት ለፊት አቆመው። ክፍተቱን በቀጭን ሽቦ ጠላለፈው፤ እግሩን መሬት ውስጥ ቀብረን በድንጋይ ሞላነው። ጎኑ የማድቤቱ ግድግዳ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ። በሩ ላይ እጅ የምታስገባ ቀዳዳ አበጀ፤ መቀርቀሪያው በውስጥ በኩል ነው። ቀዳዳዋን ደግሞ በቅቤ ጣሳ ክዳን ሸፈናት።

ሲጨርስ ጀሪካን ደፍቶ ተቀመጠ። «በል፣ አሁን ሸለምጥማጥ ሁን» አለኝ።

ሆንኩ። በእንብርክኬ ዞርኩት፣ ቧጠጥኩት፣ ገፋሁት። በመጨረሻ እጄን በቀዳዳዋ ከተትኩ። ጣቴ እንጨት ይነካል፣ ግን አልይዘውም።

«እጅህ ገባ። ሌላ ምን ቀረህ?»

«መቀርቀሪያው ወዴት ነው?»

«ሸለምጥማጥ መንገድ አይጠይቅም።»

እየሳቀ ተነሣ፣ ጀርባውን ሰጠን፣ ቀኝ ትከሻውን ማድቤቱ ላይ አስደገፈና ቀጭ አድርጎ ከፈተው። እናቴም ሞከረች፣ አልሆነላትም። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት እሱን ትቀሰቅሰዋለች። «ለገዛ ዶሮዬ ደጅ ታስጠናኛለህ?» ትለዋለች። እሱም እያዛጋ፣ «ባለሥልጣን እንዲህ ነው» ይላል።

ሸለምጥማጡ መጥቶ ነበር። ጠዋት የጥፍሩን ጭረት ቆርቆሮው ላይ አገኘን። ወንድሜ ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራ እንደ ምስክር ወረቀት አሳየው።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። አንድ ማለዳ፣ «የዳቦ ወረፋ ይዤ መጥቼ እከፍትላቸዋለሁ» ብሎ በብስክሌት ወጣ። የቸርችል ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ አልያዘለትም። ለዶሮ ያን ሁሉ መከላከያ የሠራ ሰው የራሱን ፍሬን በሲባጎ አስሮ ነበር የሚነዳው። ቢኖር እየሳቅኩ እነግረው ነበር።

ግቢያችን በለቀስተኛ ተሞላ። ዶሮዎቹ እንደተዘጋባቸው አደሩ። በሱስታው በኩል እህል በተንንላቸው፤ ውሃ ግን ማቅረብ አልቻልንም። በማግስቱ አውራው በልቅሶው መሃል ይጮህ ጀመር። ያልሞከረ ለቀስተኛ አልነበረም። ሁሉም ቀኝ እጁን ይከታል፣ ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ይመለሳል።

ልብስ ሰፊው ፒንሳቸውን ይዘው እናቴ ፊት ቆሙ።

«እትዬ፣ የእንስሳ ነገር ኃጢአት ነው። ሱስታውን ልቁረጠው?»

እናቴ ልቅሶዋን አቋረጠች። «አይቁረጡብኝ ጋሼ» አለች። «እጁ ያረፈበት ነው።»

«ታዲያ በውሃ ጥም ይሙቱ?»

እናቴ ዞር ብላ እኔን አየችኝ።

ሄጄ ቀኝ እጄን ከተትኩ። እንደ ድሮው ነው፤ እንጨቱን ነካሁት፣ መያዝ አልቻልኩም። ልብስ ሰፊው ከኋላዬ ፒንሳውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ይሰማኛል። እጄን አወጣሁ። ሌላ ምንም ስላልመጣልኝ እሱ እንደሚቆመው ቆምኩ። ጀርባዬን ለሰው ሰጠሁ፣ ቀኝ ትከሻዬን ማድቤቱ ላይ አስደገፍኩ። እንዲህ ሲቆሙ ቀኝ እጅ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል። የቀረኝ ግራዬ ነው። እሱን ከተትኩት። መቀርቀሪያው ከቀዳዳዋ በስተቀኝ ነበር፤ ግራ ክንድ ወደዚያ በኩል ያለ ችግር ይታጠፋል። ቀጭ አለ።

ምንም ተንኮል አልነበረበትም። ለገዛ እጁ እንዲመቸው ነው የሠራው። እኛን ግን እስከ መጨረሻው ደደቦች ናቸው ብሎ ያመነ ይመስለኛል።

ዶሮዎቹ ወጥተው በለቀስተኛው ጫማ መሃል ውሃ ፍለጋ ሄዱ። አውራው አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥቶ ክንፉን አራገፈ። አንዲት ሴትዮ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቴ እጄን አየች።

«አንተም ግራኝ ሆንክብኝ?» አለች።

አሁን የምከፍተው እኔ ነኝ። ለእናቴ እንዴት እንደሚከፈት አሳይቻታለሁ፤ ደጋግሜ አሳይቻታለሁ። ጠዋት ስነሣ በሩ ላይ ቆማ አገኛታለሁ። ቀኝ እጇን እስከ ክርኗ ከትታ፣ «ይኸው እንቢ አለኝ፣ ና ክፈትልኝ» ትለኛለች።