ጋቢ የለበሰው የሙቀት ፓምፕ

ስለ ጉዞው ከመጻፌ በፊት ጸሐፊው ማን እንደሆነ አንባቢ ይወቅልኝ። ጥላሁን እባላለሁ። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። የምህንድስና ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፍራንክፈርት ስገባ ያገኘሁት ሥራ ሳክሰንሃውሰን ውስጥ በአንድ የፖም ወይን ቤት ጓዳ ሰሃን ማጠብ ነበር። በሦስተኛው ወር ማጠቢያ ማሽኑ ቆመ። ጠጋኙ የሳምንት ቀጠሮ ሰጠ። እኔ ግን የማሽኑን መመሪያ ከመሳቢያ አወጣሁ፤ መዝገበ ቃላት ይዤ ቃል በቃል አነበብኩት፤ በዚያው ከሰዓት በኋላ አስነሣሁት። ከዚያ ወዲህ መመሪያውን ሳላነብ የነካሁት ማሽን የለም። እስከ ጡረታዬ ድረስ የትምህርት ቤት ሃውስማይስተር፣ ማለትም የሕንፃ ጠባቂና ጠጋኝ ሆኜ ስሠራ፣ ዲፕሎማ ያላቸው ሰዎች ሲቸግራቸው «ጥላሁንን ጥሩት» ይሉ ነበር። ቦናመስ ያለችውን ቤታችንን የገዛናት ጣሪያዋ የሚያፈስ ሆና ነው። ጣሪያዋን፣ መስኮቷን፣ መታጠቢያ ክፍሏን በእነዚህ እጆች ሠርቻለሁ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም ብል ውሸት ይሆናል። እኮራለሁ።

እንዲህ ያለውን ሰው ዘንድሮ ማሞቂያ ጉድ ሊሠራው ነበር። ገና ሰሞን የጋዝ ማሞቂያችን ቆመ። መለዋወጫው ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል፤ እኔም ሦስት ጊዜ ፈትቼ ገጥሜው ሦስት ጊዜ እምቢ አለኝ። ባለቤቴ አልማዝ አምና ሳንባዋን ታማ ሐኪም ብርድ ከልክሏታል። ልጃችን ሳሮን መጥታ እናቷን ሪድበርግ ወዳለው አፓርታማዋ ወሰደቻት፤ እዚያ ወለሉ ሁሉ ይሞቃል። ለእኔም ቁርጡን ነገረችኝ። «አባዬ፣ ቤቱ አርጅቷል፣ እናንተም አርጅታችኋል። ማክለር አግኝቻለሁ፤ ዓርብ ቤቱን ሊያይ ይመጣል።» ማክለር ማለት ቤት አሻሻጩ ነው።

እኔ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። አንድ ባለሙያ ጠርቼ ቤቱን ክፍል በክፍል አስለክቼ ነበር። የሙቀት ፓምፕ ይስማማናል አለ። ነገሩ የፍሪጅ ተገላቢጦሽ ነው፤ ከውጭው አየር ሙቀት ለቅሞ ወደ ቤት ያስገባል። እንዲያውም ማሽኑ ውጭ ብርድ ላይ እንዳያድር ብዬ ጣሪያና መዝጊያ ያላት ትንሽ ቤት ነድፌለት፣ ጣውላውን ገዝቼ ከለር፣ ማለትም ምድር ቤት አስገብቼ ነበር። ውሉ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ አልፈረምኩም። አልማዝ ካልተመለሰች ለማን ላሞቅ?

እሷ ደግሞ፣ «ከበረዶ ውስጥ ሙቀት ይወጣል ትለኛለህ? በእጄ ካልነካሁ አላምንም» አለች።

እንድትነካው ወሰንኩ። ፎግልስበርግ ተራራ ሥር፣ ከኒዳ ከተማ ወዲያ ባለች መንደር፣ ኤርትራዊው ጓደኛዬ ተክሌ ይኖራል። አማርኛን ትምህርት ቤት የተማረ፣ ሃያ ዓመት አብሮኝ የሠራ ሰው ነው፤ በመከር ወቅት የሙቀት ፓምፕ አስገብቷል። ጉዞው ረቡዕ ሆነ፤ ከማክለሩ ቀጠሮ ሁለት ቀን በፊት።

ሪድበርግ፣ 8፡10

ሰዓቱን የምጽፈው በጀርመን አቆጣጠር ነው፤ ባቡሩ የእኛን አያውቅም። ከቦናመስ በከተማው ባቡር፣ በኡ-ባን፣ ሪድበርግ ስደርስ አልማዝ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሁለት ካፖርት ደርባለች፤ በካፖርቶቹ መሃል ጋቢ ለብሳለች።

«ገብስ የተጫነ አህያ መሰልኩ?» አለችኝ።

«ንግሥት ነው የመሰልሽው።»

«ንግሥት በዚህ ዕድሜዋ ማሽን ልትነካ ገጠር አትወርድም።»

ዋናው ባቡር ጣቢያ ስንደርስ ረቡዕ ስለሆነ ብሬትስል የሚሉትን ጥምዝ ዳቦ ቅቤ ያልገባበት ፈለግሁላት። ሁለቱን በሦስት ዩሮ ከሃያ ገዛሁ። ድሮ በዚህ ዋጋ ምሳ ይበላ ነበር።

ፍሪድበርግ፣ 9፡50

እዚህ ባቡር ይቀየራል። የኒዳው ባቡር ሃያ አምስት ደቂቃ ዘገየ። መድረኩ ላይ ነፋሱ ስለት አለው። አልማዝ ሳል ጀመራት። በየሳሏ እኔ ላይ አንድ ዓመት ይጨመርብኝ ነበር። ጀርባዬን ለነፋሱ ሰጥቼ ከፊቷ ቆምኩላት።

«እንመለስ ብልህ ትመለሳለህ?» አለችኝ።

«እመለሳለሁ።»

ፊቴን አየችና፣ «እንግዲህ እስከዚህ ከመጣን» አለች።

ባቡሩ ሁለት ፉርጎ ብቻ ነበር፤ ደግነቱ ሞቋል። ውጭው ነጭ ነው። የታረሰው መሬት፣ የፖም ዛፉ፣ የመንደሩ ጣሪያ ሁሉ አመዳይ ለብሷል። ከኒዳ አውቶቡስ ያዝን። ሾፌሩ ሁለት ሽማግሌዎች መሆናችንን አይቶ ከፌርማታው አልፎ ከተክሌ በር ፊት ለፊት አወረደን። እንዲህ ያለ ሾፌር ከተማችን ውስጥ አላውቅም።

የተክሌ ቤት፣ 11፡40

ተክሌ በሩን የከፈተው ባርኔጣና ካፖርት አድርጎ ነው።

«ልትወጣ ነው እንዴ?» አልኩት።

«የለም። ግቡ» አለ። አፉ ሲከፈት ጉም ወጣ።

ቤቱ ውስጥ ብርድ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው መለኪያ አሥራ አምስት ይላል። አልማዝ እኔን አየችኝ። በዚያ አስተያየት ውስጥ ቤታችን ተሽጦ ሲያልቅ ታየኝ።

«ምን ሆነ?» አልኩት።

«እስከ ትናንት እንደ እናት ጉያ ይሞቅ ነበር። ጠዋት ስነሣ ቆሟል። ጠጋኙ ሰኞ እመጣለሁ አለኝ። ስልክ ልደውልላችሁ ሳስብ ወጥታችሁ ነበር።»

«ማሽኑን አሳየኝ።»

ወደ ጓሮ ዞርን። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። የሙቀት ፓምፑ ከላይ እስከ ታች ጋቢ ለብሷል። ያውም ጥለት ያለው ጋቢ፤ በገመድ ወገቡ ላይ ታስሮለታል። ጋቢው በረዶ ሆኖ እንደ ቆርቆሮ ደርቋል።

«ተክሌ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ትናንት ማታ ጀርባው ላይ አመዳይ አየሁበት። ብርድ መታው ብዬ አዘንኩለት» አለ። «ጋቢው የባለቤቴ የለተብርሃን ነው። ካስል ከተማ ልጃችን ጋ ሄዳለች። እንዳትነግሩብኝ።»

አልማዝ በዚያ ብርድ እያሳላት ሳቀች። «ትኩስ አጥሚት አላመጣህለትም?»

እኔም ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን ከለር ውስጥ ያስቀመጥኩት ጣውላ ትዝ አለኝ። ተክሌ ጋቢ አለበሰው፤ እኔ መዝጊያ ያለው ቤት ልሠራለት ነበር። ሰው ሲታመም አልብሰን ያደግን ሰዎች ነን፤ ሁለታችንም ማሽኑን እንደ በሽተኛ አይተነዋል። ይህን ለተክሌ አልነገርኩትም። እዚህ የምጽፈው እሱ ማንበቢያ መነጽሩን ካጣ ስለከረመ ነው።

«መመሪያው የት አለ?» አልኩት።

መሳቢያ ውስጥ፣ ላስቲኩ እንኳን ሳይቀደድ ተቀምጧል። ቆሜ አነበብኩት። እኔ ጣውላ ስገዛ ይህን አላነበብኩም ነበር፤ የማላውቀውን ማሽን መመሪያ ሳላነብ ያቀድኩት ያንን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ቅጣቱንም አገኘሁ። በአራተኛው ገጽ እንዲህ የሚል አለ፤ በአማርኛ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ማሽኑን አትሸፍኑ፤ አየር መግቢያና መውጫውን አትዝጉ። አመዳይ መያዙ የተለመደ ነው፤ በየጊዜው ራሱ ያቀልጠዋል።»

«ራሱ?» አለ ተክሌ።

«ራሱ። አንተ አፍነህ አላስተነፍስ አልከው እንጂ።»

ተክሌ በረዶውን በቢላዋ ሊፈቀፍቅ ተነሣ። እጁን ያዝኩት። ከጀርባው ያሉት ክንፎች እንደ ወረቀት የሳሱ አሉሚኒየም ናቸው፤ አንዴ ከተጎዱ አይመለሱም። ኤሌክትሪኩን አጠፋሁ። ጋቢውን ፈታን። ለብ ያለ ውኃ በማሰሮ እያመላለስን ከላይ ቀስ አድርገን አፈሰስን። በረዶው እየተሰነጠቀ ወረደ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቼ ክፍሎቹን ዞርኩ፤ ሃይዙንግ ከሚባሉት ስድስት የግድግዳ ማሞቂያዎች አራቱን ዘግቷቸዋል።

«ሰው በማይተኛበት ክፍል ለምን ይሞቃል?» አለኝ።

«ይሄ እንደ ጋዙ አይደለም። ሙቀቱን የሚያራግፍበት ቦታ ይፈልጋል። ዘግተህበት ቶሎ ቶሎ እየበራ እየጠፋ ነው የከረመው።»

«አሁን ከጠጋኙ አንተ ታውቃለህ?»

«አዎ» አልኩት። ምን ልበል?

ሁሉንም ከፈትኩ። ኤሌክትሪኩን መለስኩ። የማሽኑ ማራገቢያ አንድ ጊዜ ተንፈስ አለና መዞር ጀመረ።

የተክሌ ቤት፣ 13፡00

ተክሌ ምስር በድንች ሠርቶ በመንደሩ ዳቦ ጋበዘን። ጨው በዝቶበታል፤ አንድም አላስተረፍንም። በመሃል አልማዝ ከመስኮቱ በኩል ጮኸች። «ኧረ ተቃጠለ!» ከማሽኑ ነጭ ደመና ይወጣል።

«አልተቃጠለም። የቀረውን አመዳይ እያቀለጠ ነው። እንፋሎት ነው።»

«እኔ ነኝ የምቃጠለው» ብላ ተቀመጠች።

ከምሳ በኋላ ተነሥታ ሃይዙንጉን በእጇ ነካችው። የመጣነው ለዚህ ነበር። መዳፏን አስደግፋ ቆየች።

«ሞቷል» አለች።

«አልሞተም፣ ለብ ብሏል። የእኛው አሮጌ ሃይዙንግ እጅ ያቃጥል ነበር፣ ክፍሉ ግን ጥግ ጥጉ ብርድ ነበር። ይሄ ቀስ ብሎ ሁሉንም ነው የሚያሞቀው። ታገሺው።»

«ሳሮንም እንዲህ ትለኛለች፣ ታገሺ፤ ማክለሩ ጥሩ ዋጋ ያመጣል» አለች።

ወሬውን ቀየርኩ። ተክሌና እኔ አብረን ስለሠራንበት ዘመን ማውራት ጀመርን። መለኪያው አሥራ ሰባት አለ። ቆይቶ አሥራ ስምንት ተኩል። ወሬዬን ሳላቋርጥ በጎን አልማዝን እከታተል ነበር። የላይኛውን ካፖርት ቁልፍ ፈታች። ትንሽ ቆይታ አወለቀችው። አሥራ ዘጠኝ ሲሆን ሁለተኛውን ሳታስበው ከትከሻዋ ጣለች። ከገና ወዲህ ከአፓርታማው ውጭ ካፖርቷን ስታወልቅ አላየኋትም። ሃያ ሲሆን ጋቢውን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አደረገች። ከዚያ አንገቷ ዘንበል አለ።

ተክሌ፣ «አውቶቡሱ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው፣ ቀስቅሳት» አለኝ።

አዳመጥኳት። ሳል የለም። ትንፋሿ ረጅም ነው።

«ይሂድ» አልኩት። «ሌላ አለ።»

ሁለት አውቶቡስ አለፈን። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ያመለጠኝ አውቶቡስ የለም።

በመንገድ ላይ፣ 18፡20

ከኒዳ ስንነሣ ሳሮን ደወለች። አልማዝ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ «የዓርቡን ሰውዬ አትምጣ በይው» አለች። ሳሮን በጀርመንኛ ረዥም ነገር ተናገረች።

«በአማርኛ።»

«እማዬ፣ እርግጠኛ ነሽ? እዚያ ቤት ውስጥ ሞቆሽ ነበር?»

«ካፖርቴን አውልቄ ተኝቻለሁ» አለች አልማዝ። እኔ በመስኮቱ ጨለማውን እያየሁ ዓይኔን ጠረግሁ። የባቡሩ መስታወት ጉም ይዞ ነበር፣ የጠረግሁት እሱን ነው ማለትም ይቻላል።

ቦናመስ፣ መጋቢት

ሐሙስ ጠዋት ውሉን ፈረምኩ። ሥራው ተራ ደርሶን የተጀመረው መጋቢት ላይ ነው። ማሽኑ የሚቆምበትን ቦታ የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ወንበር ይዤ በጓሮው ጥግ ሁሉ እየተቀመጥኩ፣ የማሽኑ ድምፅ እንዳይረብሽ ከጎረቤታችን ከፍራው ክላይን መኝታ ቤት መስኮት የሚርቀውን ፈለግሁ። እሷም ከመስኮቷ፣ «ሄር ጥላሁን፣ ፀሐይ እየፈለጉ ነው?» ስትለኝ ነበር። ቦታውን አሳየኋት፣ ተስማማች። ባለሙያው ለክቶ ትክክል ነው አለኝ። መቆሚያውን ሲሚንቶ ከእሱ ጋር አብረን ሞላን። ሳሎንና መኝታ ቤት የነበሩት ሃይዙንጎች በትልልቅ ተተኩ። ሥራው አራት ቀን ፈጀ። አሮጌው የጋዝ ማሞቂያ ከከለር ሲወጣ መታ መታ አድርጌ ሸኘሁት፤ ብዙ ዓመት አገልግሎናል።

በሚቀጥለው እሑድ ጠዋት የመኪናዎቹ መስታወት ሁሉ አመዳይ ይዞ ነበር። አልማዝን ከሁለት ሻንጣ ጋር ከሪድበርግ አመጣኋት። እንደገባች ካፖርቷን ሳታወልቅ ቀጥታ ወደ ሃይዙንጉ ሄደች። መዳፏን አስደገፈች።

«ሞቷል» አለችና ሳቀች።

ጉዞው ያስተማረኝን አልደብቅም። ሰባ ሦስት ዓመት ሞልቶኝም መመሪያውን አስቀድሜ ማንበብ እንዳለብኝ አስተማረኝ። ለማሽን ከማዘን በፊት ማሽኑ የሚፈልገውን መጠየቅ እንደሚሻልም አስተማረኝ። የተቀረውን አውቀው ነበር።

የሠራሁትን ልቁጠር፤

ማንም ባለሙያ ሳይረዳኝ የተክሌን ማሽን አስነሣሁ፤ ሰኞ የመጣው ጠጋኝ የሚሠራው አጥቶ ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ።

የለተብርሃንን ጋቢ ይዤ መጥቼ፣ አሳጥቤ ከካስል ከመመለሷ በፊት አስመለስኩ፤ እስካሁን አላወቀችም።

ፍራው ክላይን ማሽኑ መሥራት መጀመሩን ያወቀችው እኔ ስነግራት ነው።

ማክለሩ አልመጣም።

በቤታችን አንድም ሃይዙንግ አልተዘጋም፣ መጋረጃ የጋረደውም የለም።

ለማሽኑ ቤት ከገዛሁት ጣውላ፣ መግቢያው ግድግዳ ላይ ስድስት መንጠቆ ያለው የካፖርት መስቀያ ሠራሁ። በአንዱ መንጠቆ የእኔ ባርኔጣ አለ። በሁለቱ የአልማዝ ሁለት ካፖርቶች ከእሑድ ጀምሮ ተሰቅለዋል።