አክስቴ ከቴሌቪዥን ያዩት ልመና

በደርግ ጊዜ ደሴ ውስጥ በአንድ ፍርድ ቤት የችሎት ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ ሰው የሚለውን መጻፍ፣ ቀጠሮ መንገርና መዝገብ መፈለግ ነው። ግማሽ ቀኔ አቧራ በማራገፍ ያልፍ ነበር ብል አላጋነንኩም። ኮምቦልቻ ያሉት ዘመዶቼ ግን ከዳኛው ጎን ተቀምጬ የምፈርድ ይመስላቸው ነበር፤ እኔም አላስተባበልኩም። መከበርን ማን ይጠላል?

አንድ ቅዳሜ አመሻሽ አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ቀበሌ አዳራሽ ቴሌቪዥን ልናይ ገባን። ድራማው ስለ ፍርድ ቤት ነበር። መዝገብ የለ፣ ቀጠሮ የለ። አንዲት እናት ማጅራቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማ ችሎት ትገባለች፤ ዳኛው ከወንበሩ ወርዶ ድንጋዩን በገዛ እጁ ያነሳላታል፤ ልጇንም እዚያው ይፈታዋል። አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ። እኔ ሳቄን ዋጥኩ። የማውቀው ዳኛ ከወንበሩ የሚነሳው ለምሳ ብቻ ነበር።

"እውነት ዳኛ እንዲህ ያደርጋል?" አሉኝ አክስቴ። ጎረቤቶቻቸው መልሴን ሊሰሙ ዘወር አሉ።

"ዳኛም ሰው ነው" አልኩ፣ ድምፄን ጎላ አድርጌ።

አክስቴ ዝም ብለው አልጠየቁም። የበኩር ልጃቸው ደጋን ከተማ፣ ገበያ ላይ የሰው ክንድ በዱላ ሰብረሃል ተብሎ ታስሮ ነበር። እሱ ያን ቀን ሌላ ከተማ፣ ቢስቲማ ነበርኩ ይላል፤ አብሮት የዋለ ሰውም ቀርቦ መስክሮለታል። ጉዳዩ የሚታየው እኔ በምጽፍበት ችሎት ነበር። ዘመዴ መሆኑን ለማንም አልተናገርኩም። ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ።

በመጨረሻው ቀጠሮ በሩ ተከፈተና አክስቴ ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ አድርገው፣ አጎንብሰው ገቡ። ፖሊሱ ሊያስቆማቸው እጁን ዘርግቶ፣ ድንጋዩን ሲያይ ተወ። ዳኛው ፊት ተንበረከኩ።

"ጌታዬ፣ ስለ አላህ ብለው ልጄን ይማሩልኝ።"

ብዕሬን አስቀመጥኩ። በእኛ አገር ድንጋይ የሚሸከም ያጠፋ ወገን ነው። በሽማግሌ ፊት ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳይ እግር ሥር የተንበረከከ ሰው፣ ተመልሶ አላደረግኩም ሊል አይችልም። አክስቴ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ ፍርድ ቤት ግን በቴሌቪዥን እንዳዩት ሌላ ደንብ ያለው መስሏቸዋል። ዳኛውም የወሎ ሰው ስለነበር ልማዱን ያውቃል። አልተቆጣም።

"እናቴ፣ ልጅዎ ካልመታ ይቅርታው ለምኑ ነው?" አላቸው።

አክስቴ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ያን ጊዜ ተነስቼ፣ "ጌታዬ፣ ይህን ያዩት ከቴሌቪዥን ነው፤ ያሳመንኳቸውም እኔ ነኝ" ማለት እችል ነበር። አንገቴን ደፋሁ። ዳኛው "ጻፍ" አለኝ። "የተከሳሽ እናት ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ጠየቁ" ብዬ ጻፍኩ። ፊደሌ እንኳ አልተንጋደደም፤ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ፍርዱ ሲነበብ ያቺ መስመር ከምስክሩ ቃል በላይ ከበደች። ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ዳኛውን ልወቅስ ይቃጣኛል፤ ግን እሱ የቀረበለትን ነው ያየው። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ግን ነቅዟል።

አክስቴን ደግፌ ወደ ውጭ አወጣኋቸው። ድንጋዩን በሻሻቸው ጠቅልለው አቅፈውታል።

"አክስቴ፣ ጥፋቱ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ተወው የኔ ልጅ፣ አንተማ ምን ታደርግ" አሉኝ። "የዚያች ሴትዮ ድንጋይ ትልቅ ነበር። እኔ አቅም አጥቼ ትንሽ አነሳሁ። ወላሂ፣ ልጄን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ።"

አይደለም ማለት አቃተኝ። እንዲያ እንዳመኑ ኖረው፣ እንዲያ እንዳመኑ ሞቱ።