መፈልፈያው የቆመበት ግማሽ ሰዓት

የልጅ ልጄ በኮምፒውተር ለሥራ ቃለ መጠይቅ እንድትቀርብ ቀን ሲቆረጥላት፣ እኔ ያሳሰበኝ ከግድግዳችን ጀርባ ያለው የሩዝ መፈልፈያ ነበር። እዚህ ወረታ ከተማ ሩዝ በሚገባበት ወራት ያ ሞተር ከተነሣ ቤታችን ውስጥ ካልተጯጯህን አንሰማማም።

የሷ ጭንቀት ሌላ ነው። ኮምፒውተሯ አሮጌ ስለሆነ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ጭናበታለች። የቀጣሪዎቹ ገጽ ደግሞ ብሮውዘሩ ላይ ፕለጊን የሚሉት ነገር ካልተጨመረበት አይከፈትም፤ ያ ፕለጊን ከሊኑክስ ጋር አይስማማም። ሦስት ቀን ታገለችው። ካሜራው ሲበራ ማይኩ ይጠፋል፤ ማይኩ ሲመጣ ካሜራው ይጠቁራል።

«ከሰው አንዋስም?»

«ከማን፣ እምዬ?»

ተመርቃ ቤት ከተቀመጠች ሁለት ዓመቷ ነው። ይኼ ካልሆነ ዓረብ አገር እሄዳለሁ ብላ ቆርጣለች።

በቃለ መጠይቁ ቀን መፈልፈያው ቤት ሄድኩ። ሴቶች ጆንያቸውን ይዘው ተሰልፈዋል።

«እርስዎ ካሉ ግማሽ ሰዓት አቆመዋለሁ» አለኝ ባለቤቱ፤ «እነዚህን ግን እርስዎ ያስታርቁልኝ።»

ከይፋግ በኩል ሩዟን በአህያ ጭና የመጣች አንዲት ሴት ሳቀች። «ጉድ በሉ! ተራ ሲጣስ ዱላ የሚያነሱት እርስዎ፣ ዛሬ በጓሮ በር መጡ?»

አፈርኩ። «ግማሽ ሰዓት ነው። አንዲት ደቂቃ ብጨምር ስደቢኝ» አልኳት።

ሞተሩ ቆመ። በቤታችን መስኮት የልጅ ልጄን አየኋት፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ጠያቂዎቹ «አንሰማሽም» ይላሉ። ማዳመጫውን ነቅላ ሰካች። ብሮውዘሩን ዘግታ ከፈተች። ጸጥታው ለማንም ሳይጠቅም አለቀ።

ባለ መፈልፈያው ብቅ አለ። «እናቴ፣ ትንሽ ልቆይ?»

ሴትዮዋ ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። መንገዷ ሩቅ ነው፣ ፀሐይዋም አዘቅዝቃለች። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«አስነሣው። ተራቸው ነው» አልኩ።

ማይኩ የመጣው ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ነው። ልጄ ጉሮሮዋ እስኪነቃ ተናገረች፤ ጠያቂዎቹ ግን የሰሙት መፈልፈያውን ነው። አመስግነው ሌላ ሰው ጠሩ።

«ማን አስነሣው?» አለችኝ ወጥታ።

«እኔ ነኝ።»

«አምስት ደቂቃ፣ እምዬ። አምስት ደቂቃ ብቻ።»

ማይኩ የበላብሽን ሰዓት ይመልሱልሽ፣ ጻፊላቸው አልኳት። ጻፈች። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ፤ ለተወዳዳሪው ሁሉ እኩል ሰዓት ተሰጥቷል ይላል። በመሠረተ ትምህርት የለመድኳትን ፊደል እየቆጠርኩ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ስህተት አገኝበት እንደሆነ። በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም የምጽፈው ይህንኑ ነበር።

ሰኞ ለፓስፖርት ወደ ባሕር ዳር ስትነሣ «አብሬሽ ልሂድ» አልኳት።

«ይቅርብሽ» አለችኝ፤ ፊቷን ሳታዞር።