ቦታውን የማይለቅ ፕላኔት

ፊርደውስ ፎቶ ወደምታትምበት የፒያሳ ሱቅ አንድ አዛውንት ይመላለሳሉ። ስማቸውን አታውቅም። ኮታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ቁልፎቹን የሰፋው እጅ ግን መርፌ የለመደ አይመስልም። የሚያሳትሙት እንደ ሌላው ሰው የሰርግ ወይም የልጅ ፎቶ አይደለም፤ ደጃፋቸው ላይ ቆመው በስልካቸው ያነሱትን ሰማይ ነው። ፎቶው ሲወጣ ከደረት ኪሳቸው ዳሩ ላይ አበባ ያለበት የሴት መነጽር አውጥተው ያደርጉና ነጥቦቹን በጣታቸው ይከተላሉ። መነጽሩ የማን እንደሆነ ጠይቃቸው አታውቅም።

"ገና ጀማሪ ነኝ" ይላሉ። "የሚርገበገበው ኮከብ ነው፤ ረግቶ የሚያበራው ፕላኔት። ውሎ ሲያድር ደግሞ ከኮከቦቹ መሀል ቦታውን ይለቃል።"

ዛሬ በተለያየ ሳምንት ያነሷቸውን ሦስት ፎቶዎች ደረደሩላት።

"ጁፒተርን ያዝኩት!"

ፊርደውስ አጎንብሳ አየች። ከፎቶ ፎቶ ኮከቦቹ ተሸጋሽገዋል፤ ደማቁ ነጥብ ግን በሦስቱም ፎቶው ላይ ከሚታየው ባሕር ዛፍ ጫፍ ንቅንቅ አላለም። ዝም ብትል በወደደች፤ አልሆነላትም።

"አባባ፣ አይክፋዎትና ይሄ እዚሁ ከከተማችን በላይ፣ ጦሳ ተራራ ላይ ያለ የቤት መብራት ነው።"

መነጽሩን አወለቁ። ፊርደውስ ባልተናገርኩ አለች በሆዷ።

"አብሽሪ፣ ልጄ" አሏት፣ ፎቶውን ወደ እሷ እየገፉ። "ይሄንን ትልቅ አድርገሽ አትሚልኝ።"

"መብራቱን?"

"አዎ። ወላሂ፣ ማታ ማታ በሬን ከመዝጋቴ በፊት 'ደህና እደር' እለው ነበር። ለካስ እዚያ ሰው ኖሯል።"