እህቴን ሆዷን የሚያማት ጠዋት

ታናሽ እህቴ መንግሥት ትምህርት ቤት በገባች በሁለተኛው ዓመት ሆዷን ያማት ጀመር። ሕመሙ የሚነሣው ጠዋት፣ ቆሎዋን ቋጥራ ከቤት ልትወጣ ስትል ነው። እምብርቷን በሁለት እጇ ይዛ ታጎነብሳለች፤ ፊቷ አመድ ይመስላል። ቅዳሜና እሑድ ግን ደኅና ናት። ይህን አስተውዬ ለእናቴ ብነግራት «ሰንበት አይደል? ሕመሙም ያርፋል» አለችኝ።

ያኔ እሷ የዘጠኝ፣ እኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ነበርን። እኔ የመንግሥት ትምህርት ቤት አልገባሁም። ከየኔታ ዘንድ ፊደልና ዳዊት ተምሬ፣ የቀረውን አርብ ገበያ ከገዛኋቸው አሮጌ መጻሕፍት ለብቻዬ ነው የለቀምሁት። ስለዚህ ከብቶቹ ከገቡ በኋላ እህቴን ማስጠናት የእኔ ሥራ ሆነ።

ከወንዝ ማዶ ወገዳ ያለችው አክስታችን ልጅ የላትም፤ እህቴን እንድንሰጣት ስትለምን ኖራለች። አባቴ እሽም እንቢም አላለም ነበር። በግንቦት ግን መምህሩ «ልጅዎ ስትጠራ ትነሣና ዝም ትላለች» አሉት። ቤት ሲገባ ለእናቴ እንዲህ አላት፦

«በሰኔ ከአውራጃ ተቆጣጣሪ ይመጣል። እሱ ፊት ካላነበበች ወንዙ ሳይሞላ ወገዳ አደርሳታለሁ። የማትማር ከሆነ አክስቷን ትርዳ።»

እህቴ ጓዳ ሆና ሰምታለች። ከዚያ ወዲያ ሕመሙ እሑድ ከሰዓትንም ያዘ።

እናቴ ጠበል ወሰደቻት። ሰባት ቀን እዚያው ሰነበቱ፤ በሰባቱ ቀን አንድም ጊዜ አላመማትም። በተመለሱ ማግስት ጠዋት በሩ ላይ አጎነበሰች። እናቴ ግራ ገባት። እኔ ግን ምክንያቱን ያወቅሁ መሰለኝ። ጥናቱ አንሷት ነው ብዬ እጥፍ አደረግሁት።

አጠናኔ እንዲህ ነበር፦ መደቡ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን፤ እሷ ፊደሉን በስንደዶ እየነካች ታነባለች። ስትስት «ድገሚ» እላታለሁ፤ ከመስመሩ ራስ ትጀምራለች። አንዱን መስመር አሥራ አንድ ጊዜ ያስደገምሁበት ቀን አለ። ጮኼባት አላውቅም፤ መትቻትም አላውቅም። በዚህም እኮራ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከጎተራው ጀርባ ድምፅዋን ሰማሁ። ስድስት ጠጠር በሰልፍ ደርድራ ታስተምራለች።

«አንቺ፣ ተነሺ። አንብቢ … ድገሚ።» ትንሽ ጠበቀች። «ድገሚ … ምን ሆንሽ? ሆድሽን? እሱንም ድገሚ።»

መምህሯ ጯሂ ናቸው፤ ይህ ድምፅ የእሳቸው አልነበረም። ዝግ ያለ፣ ቁጣ የሌለበት፣ ማለቂያም የሌለው የእኔው ድምፅ ነበር። ስታየኝ ጠጠሮቹን በእግሯ በተነቻቸው። አጠገቧ ቁጭ አልሁ።

«ያላወቀችው የትኛዋ ናት?»

«ሁሉም ያውቃሉ።»

«ታዲያ ለምን አያነቡም?»

«ሊሳሳቱ ነዋ፣ ወንድምዓለም።» ከበተነቻቸው ጠጠሮች አንዱን አነሣች። «አንተ ‹ድገሚ› ከማለትህ በፊት በአፍንጫህ ትተነፍሳለህ። ክፍል ውስጥም ይሰማኛል።»

የልጅን ፍርሃት እንዴት እንደሚያስታግሱ የሚናገር መጽሐፍ አልነበረኝም። ከዛሬ ጀምሮ ያችን ቃል አልልም አልኋት፤ አላመነችኝም። በሳተች ቁጥር ቆም ብላ ፊቴን ታያለች። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ መቀመጥ ጀመርሁ። በሦስተኛው ቀን በቃላቱ መካከል ያሉትን ሁለት ነጥቦች አሳየኋት።

«እነዚህ ለምን እንደተደረጉ ታውቂያለሽ?»

«ቃል ሲያልቅ ነው።»

«ለመተንፈሻም ነው። እዚህ የደረሰን ሰው እስኪተነፍስ ማንም አያጣድፈውም።»

«መምህሩም?»

«ጃንሆይም ቢሆኑ።»

እውነት አልነበረም። ነጥቦቹ ቃልን ከቃል ለመለየት እንደሆኑ አውቃለሁ። እያወቅሁ ያስተማርሁት የመጀመሪያው ስህተት ይህ ነው።

በየነጥቡ መተንፈስ ጀመረች። አንድ ገጽ ለመጨረስ የላም ማለቢያ ጊዜ ይፈጅባት ነበር። አባቴ ሰምቶ «ይቺ ልጅ ታነባለች ወይስ ዳገት ትወጣለች?» ቢል ሳቀች። መጽሐፍ ጭኗ ላይ እያለ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። ጠዋት ሆዷን ሲያማትም «የለብሽም» ማለቴን ተውሁ። «አመመሽ?» እላታለሁ፤ «አዎ» ትላለች፤ «እያመመሽ እንሂድ» ብዬ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር አብሬያት እሄዳለሁ።

ተቆጣጣሪው የመጡ ቀን አባቴና እኔ ከሌሎች ወላጆች ጋር በሩ ላይ ቆምን። እህቴ ተጠራች፤ ተነሣች፤ ዝም አለች። ጣቶቿ የቀሚሷን ጠርዝ ያፍተለትላሉ። ከኋላ አንዱ «ዲዳዋ!» ሲል ክፍሉ ሳቀ። አባቴ ዱላውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዞረ። ከዚያ ትከሻዋ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አየሁ፤ ጀመረች።

ሦስተኛው መስመር ላይ «ገበሬ» የሚለውን «ገበያ» አለችው። ወደ እኔ አልዞረችም። ቀጠለች።

«ልጄ፣ ለምንድን ነው በየቃሉ የምታቆሚው?» አሏት ተቆጣጣሪው።

«ነጥቡ ጋ ስደርስ ነው፣ ጌታዬ።»

መጽሐፉን አዩ፤ ቀጥሎ እሷን አዩ። እኔ ወደ መሬት አየሁ።

«በይ ቀጥዪ» አሉ።

አለፈች። አባቴ እደጃችን ስንደርስ እህቴን «ለአክስትሽ ልጅቷ ትምህርት ላይ ናት ብዬ እልካለሁ» አላት።

ክረምቱ ገባ። እህቴ መጽሐፏን ይዛ የምትቀመጠው እናቴ ጥጥ ከምትፈትልበት አጠገብ ሆነ። እናቴ ሀን ከለ አትለይም። ልጇ ብትስትም ባትስትም «እሰይ፣ ከዚያስ?» ትላታለች። እኔ በሩ ጥግ ገመድ እገምዳለሁ። ስህተቱ ሁሉ ይሰማኛል፤ አፌን ግን አልከፍትም። ወደ እኔ እንድትመጣም ጠርቻት አላውቅም።