የእትዬ ፋጡማ ቫን ካምቢዮ

ጋራዥ የገባሁበት የመጀመሪያ ቀን አለቃዬ አንድ ሳፋ፣ ናፍጣና ብሩሽ ሰጠኝ። ፈትቶ መሬት ላይ የዘረጋውን የጭነት መኪና ካምቢዮ ጥርስ በጥርስ እንዳጥብ አዘዘኝና ምሳውን ሊበላ ሄደ። ካምቢዮ የሞተሩን ጉልበት እየመጠነ ለጎማ የሚያደርስ ክፍል መሆኑን እንኳ ያን ቀን አላውቅም ነበር። አጥቤ ጨረስሁ። ቁጭ ብዬ መጠበቅ አቃተኝና ያጠብሁትን ሁሉ ከትልቅ እስከ ትንሽ አሳምሬ ደረደርሁት። አለቃዬ ተመልሶ ሲያይ ራሱን ያዘ። ለካ እሱ የዘረጋው በሚገጥምበት ተራ ኖሯል።

«ማን ደርድሪ አለሽ?» አለኝ። «አንች ልጅ፣ እጅሽ አያርፍም!»

አልተሳሳተም። ዛሬም አያርፍም። ሻይ እንኳ የምጠጣው ቆሜ ነው።

ያኔ ደብረ ታቦር ውስጥ ቱታ የለበሰች ሴት ለሾፌሮች መሳቂያ ነበረች። ከአጣቢነት ወደ ረዳትነት፣ ከረዳትነት ወደ መካኒክነት ሳልፍም ሳቁ አልቀረም። ከመኪና ሥር ወጥቼ፣ ካቻቢቴ በእጄ ይዤ ፊታቸው ቆሜ «ሰው የለም ወይ?» ይሉኛል። የመኪናቸውን ቁልፍ መጀመሪያ እጄ ላይ ያኖሩልኝ ጋሽ አበጀ ናቸው። ያን ጊዜ ተሳቢ ይነዱ ነበር። «ፍሬኑን እይልኝ» አሉና ጥላ ፍለጋ ሄዱ። እንደሳቸው ያለ የተከበረ ሾፌር መኪናውን ከሰጠኝ በኋላ ሌላው ምን ይላል? ዛሬ በወረታ መውጫ የራሴ ጋራዥ ካለኝ መነሻው ያ ፍሬን ነው።

አውቶማቲክ መኪና እየበዛ ሲመጣ ግራ ገባኝ። እኔ የማውቀው በእጅ የሚቀየር ማርሽ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲያድስ የኖረውን መላኩን ቀጠርሁ። መላኩ ንጹሕ ጨርቅ ያነጥፋል፣ እጁን ይታጠባል፣ ዘይት እንዳያፈስ የምትይዝ አንዲት ጎሚኒ አገላብጦ አይቶ ያስቀምጣል፣ እንደገና ያነሳል። ሥራው እንከን የለውም። እኔ ግን አጠገቡ ስቆም ደሜ ይፈላል።

እትዬ ፋጡማ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ገበያ በዋለ ቁጥር ጨርቃቸውንና አንድ ሁለት ባልንጀሮቻቸውን በቫን አስጭነው፣ በዓለም በር በኩል ቁልቁል ወርደው አዲስ ዘመን ይሸጣሉ። ቫኗ አውቶማቲክ ነች። የሚነዷት ጋሽ አበጀ ናቸው፤ ወገባቸው የተሳቢውን ከባድ ሥራ አልችል ሲል እትዬ ፋጡማ ቀጠሯቸው። በዚህ ዕድሜ ሌላ ማን ይቀጥረኛል እያሉ ያመሰግኗቸው ነበር።

አንድ ቀን ቫኗ በጭነት መኪና ላይ ተጭና መጣች። ከገበያ ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ ፈቀቅ አትልም። ካምቢዮዋን አውርደን ስንፈታው ዘይቱ ጠቁሯል፣ ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ዲስኮች አርረዋል። እርጅና ነው አልን። መላኩ የተበላውን ሁሉ በአዲስ ቀይሮ ገጠመው። ከተማውን ዞርሁባት፤ ማርሹ ሲቀየር እንኳ አይሰማም። ደስ ብሎኝ መለስሁላቸው።

ብዙም ሳትቆይ እዚያው ዳገት ላይ ቆመች።

«ራዲያተሩ ይሆናል» አለ መላኩ። የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ አልፎ ነው። የድሮው ቃጠሎ ብናኝ እዚያ ከቀረ አዲሱን ዕቃ ይበላዋል። እውነት ነው፣ ብዙ ጋራዥ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ራዲያተሩን ቀየርን፣ ቱቦዎቹን አጠብን፣ ካምቢዮውን እንደገና አደስን። ጤፍ በጆንያ ጭኜ ከዳገት ዳገት ወሰድኋት። እንደ አዲስ ወጣች።

ለሦስተኛ ጊዜ ተጭና ስትመጣ አበድሁ። መፍቻ ወረወርሁ። መላኩን «አንተ ነህ ያበላሸኸው፣ ጎሚኒ ገልብጠህ ነው የገጠምህ» ብዬ ሰደብሁት። እሱ ጨርቁን አንጥፎ መፍታቱን ቀጠለ። ይህ ደግሞ የባሰ አበሸቀኝ።

እትዬ ፋጡማ ራሳቸው መጡ። ክርክር አልፈለጉም።

«ዝናሽ፣ አንችን አልወቅስም። ግን ወላሂ ሰለቸኝ። ይህችን አንድ ጊዜ ሥሪልኝ። ከደገመች እሸጣታለሁ፣ ጋሽ አበጀም ቤታቸው ይቀመጣሉ። ከእንግዲህ ጨርቄን በአውቶቡስ ነው የማመላልሰው።»

ጋሽ አበጀ በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት። ያን ቀን ምሳ አልዋጥልሽ አለኝ። ጋራዡን ከዳር እስከ ዳር ስመላለስ ዋልሁ።

«ነይና እይ» አለኝ መላኩ በመጨረሻ። ከፊት ያለው ክፍል ደህና ነው። ከኋላ፣ በጎማው በኩል ያለው ኩሽኔታና ጥርስ ግን በሙቀት ሰማያዊ ሆኗል። «ይሄ ዘይት አጥቶ ነው የተቃጠለ» አለ።

«ዘይቱ ሙሉ ነው! እኔ ራሴ ነኝ የለካሁት።»

«ሙሉ ነው፣ ግን አልደረሰውም። እንዲህ ያለውን ያየሁት ጎማዋ መሬት እየነካ ሩቅ አገር የተጎተተች መኪና ላይ ነው።»

ሮጬ ጋሽ አበጀን ጠየቅኋቸው። ተቆጡ።

«እኔ እያለሁ በገመድ? ሦስቱንም ጊዜ አስጭኜ አይደለም ወይ ያመጣኋት?»

አዎ፣ አስጭነው ነው ያመጧት። እንግዲህ ምን ቀረ? ካምቢዮውን እንደገና አደስን። ብልሽቱ የሚታየው ዳገቱ ላይ ስለሆነ፣ በገበያ ቀን ከዳገቱ ሥር ዓለም በር ወርጄ ልጠብቃቸውና ስትወጣ አብሬያት ልሆን ተስማማን። ግን ሲነጋ መቀመጥ አልቻልሁም። እስከ ከሰዓት ድረስ ማን ይጠብቃል? ቫኗ ሳትነሳ ሄጄ ከጋሽ አበጀ ጎን ገባሁ። ከኋላ እትዬ ፋጡማና ሁለት ነጋዴ ባልንጀሮቻቸው በጨርቅ እስር መካከል ተቀምጠዋል።

ከተማውን ስንወጣ ጋሽ አበጀ አነዳዳቸው ያምራል። ጉድጓዱን ሁሉ ያውቁታል። ቁልቁለቱ ሲጀምር አማተቡ፣ የማርሹን ዘንግ ገፋ አድርገው ፎሌ ላይ አሳረፉት። ሞተሩ ከጎማው ተለየ። ከዚያ መሪው እንዳይቆለፍ ተጠንቅቀው ቁልፉን ግማሽ መለሱና ሞተሩን አጠፉት። ቫኗ ድምፅ አጥታ ቁልቁል መንሸራተት ጀመረች። የሚሰማው ንፋሱ ብቻ ነው።

ወዲያው ገባኝ። ያች የታደሰች ካምቢዮ ከእግሬ ሥር በደረቁ እየተፈጨች ነው። ልጮህ አፌን ከፈትሁ። ከኋላዬ ግን አሠሪያቸው ተቀምጠዋል። «ካምቢዮዎን የሚያቃጥሉብዎ እሳቸው ናቸው» ማለት ያን ሰው ከሥራ ማባረር ነው፣ ያውም በሴቶቹ ፊት። ዝም እንዳልል ደግሞ ቁልቁል በተንሸራተትን ቁጥር ብረቱ እየነደደ ነው።

«ጋሽ አበጀ፣ ያቁሙልኝ፣ አቅለሸለሸኝ» አልሁ።

ቶሎ ሞተሩን አስነስተው ዳር ያዙ። ወርጄ ከቫኗ ራቅ አልሁ። ቁልፉን ነቅለው፣ ውኃ ይዘውልኝ ተከተሉኝ።

«ምነው ልጄ? ቁርስ አልበላሽም እንዴ?»

«ጋሽ አበጀ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚወርዱት? ሞተሩን አጥፍተው፣ በፎሌ?»

ፊታቸው በራ። ያደነቅኋቸው መስሏቸዋል።

«ታዲያስ! ነዳጅ በጠፋበት ዘመን ዝም ብዬ ላቃጥል? ቀጥ ያለው ቁልቁለት ላይ አጠፋለሁ፣ ኩርባው ሲደርስ አስነሳለሁ። ተሳቢውንም እንዲህ ነበር የማወርደው። የሰው ንብረት ነው፣ ቆጥቤ ነው የምይዘው።»

ከዚህ በኋላ መናገር ምን ያህል እንደከበደኝ አልረሳውም። «ካምቢዮዋን ያቃጠላት እሱ ነው» አልሁ። «የተሳቢው ጥርስ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚዞረው፣ ራሱን በራሱ ይቀባል። ይህኛው ፓምፕ ካልገፋለት ዘይት አያገኝም። ፓምፑን የሚያዞረው ደግሞ ሞተሩ ነው። ሞተሩን ሲያጠፉት ጎማው የካምቢዮውን ኋላ በደረቁ ያሽከረክረዋል።»

«ዳገቱ ላይ አይደለም ወይ የምትቆመው?»

«የምትቃጠለው ሲወርዱ ነው። የተጎዳች ካምቢዮ ደግሞ ዳገት አትችልም።»

መንገዱን ቁልቁል አዩት። «ሦስቱንም ጊዜ እኔ ነኝ?» አሉ።

መዋሸት ፈልጌ ነበር። «አዎ ጋሼ» አልሁ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ቶሎ ብዬም «ለእትዬ ፋጡማ የተበላሸው ፓምፑ ነው እላቸዋለሁ፤ እርስዎ ብቻ ከዛሬ ጀምሮ አያጥፉት» አልሁ።

«እሱማ አይሆንም» አሉ። «መላኩ በኔ ጥፋት ስንት ስድብ ጠጣ!»

ልከለክላቸው ብከተልም ቀደሙኝ። ወደ መስኮቱ ሄዱና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እትዬ ፋጡማ፣ ካምቢዮውን ሳቃጥል የከረምሁ እኔ ነኝ። ሞተር አጥፍቶ መውረድ ለዚህች አይሆንም ኖሯል። አላወቅሁም። ቁልፉ ይኸው።»

አንደኛዋ ነጋዴ በነጠላዋ አፏን ያዘች። እትዬ ፋጡማ ቁልፉን አዩ፣ ጋሽ አበጀን አዩ፣ እኔን አዩ። ፀሐይዋንም አዩ።

«አሁን ካወቁ ይደግሙታል?» አሉ።

«በእመቤቴ አልደግመውም።»

«እንግዲያውስ ይግቡ እንጂ! ገበያው ሊበተንብኝ ነው።»

ጋሽ አበጀ ገብተው ሞተሩን አስነሱ። እጃቸው ማርሹ ላይ ቆመ። ከኋላ ሰው እየሰማ «ዝናሽ፣ እንዴት ነው የማወርዳት? አሳይኝ» አሉኝ። ይህን ያሉኝ፣ ማንም ሳያምነኝ መኪናቸውን የሰጡኝ ሰው ናቸው። ሞተሩ ራሱ እንዲይዛት ዝቅተኛው ማርሽ ላይ አደረግሁላቸው። እስከ ዓለም በር ግራ እግራቸው የሌለ የፍሪሲዮን ፔዳል ሲፈልግ አየሁት።

ከሰዓት ዳገቱን ስንወጣ የሚያወራ ሰው አልነበረም። አናቱ ላይ ስንደርስ እትዬ ፋጡማ «አልሐምዱሊላህ» አሉና ያላለቀ ወሬያቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። ጋራዥ ስደርስ ካምቢዮውን ፈትተን እንይ አልሁ። መላኩ እምቢ አለኝ፤ የሚሄድ ካምቢዮ አይፈታም ብሎ ዘይቱን ብቻ ቀየረ። ይቅርታ ጠየቅሁት። «ጎሚኒ ስገጥም አጠገቤ ካልቆምሽ ይበቃኛል» አለኝ።

ቫኗ ዛሬም ትሠራለች፣ ጋሽ አበጀም ይነዷታል። ከጭነት መኪና ወደ አውቶማቲክ የተሻገረ ሾፌር ጋራዤ ሲመጣና እሳቸው እዚያ ካሉ፣ እኔ እስክናገር አይጠብቁም። እጁን ይጨብጡና «አበጀ እባላለሁ። ሦስት ካምቢዮ ያቃጠልሁ ነኝ፤ ተቀመጥ ልንገርህ» ይሉታል።

ያደሳችሁት ካምቢዮ ደጋግሞ ከተመለሰባችሁ፣ እንደገና ከመፍታታችሁ በፊት ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣችሁ መንገዱን በሙሉ ሂዱ። ዳገቱንም ቁልቁለቱንም።