ሳይፈስ የቀረው ውሃ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ በአንድ የግል ሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። የሕንጻውን ቧንቧ የሚቆጣጠረው ሱዳናዊ መሐንዲስ አንድ ሥራ ሰጥቶኝ ነበር፤ ሰው በማይተኛባቸው ክፍሎች በየሳምንቱ ሻወሩን ከፍቼ የቆመውን ውሃ ማፍሰስ፣ ከዚያ ወረቀት ላይ መፈረም። ፀሐዩ የጣሪያውን ታንከር ለብ ያደርገዋል፤ ለብ ብሎ በቆመ ውሃ ደግሞ ባክቴሪያ ይራባል፣ ከሻወሩ ጋር በኖ ሳንባ ይገባል አለኝ።

እኔ ግን የስደተኛ ካምፕ ልጅ ነኝ። ለአንድ ጀሪካን ከንጋት እስከ ቀትር የተሰለፍኩ፣ ለወረፋ ፀጉር የተናጨሁ። ውጭ ሰዉ ከአህያ ጋሪ ውሃ እየገዛ፣ እኔ ንጹሕ ውሃ ለቦይ ልገብር? እጄ እምቢ አለኝ። «ጠግቦ ያደገ ሰው ያወጣው ሕግ!» አልኩና ሳልከፍት መፈረም ጀመርኩ። አብረውኝ የሚሠሩትም የካምፕ ልጆች ነበሩ፤ ደግ አደረግሽ አሉኝ።

ከዚያ አጎቴ መጣ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገኝ እሱ ነው። ሰሊጥ አጨዳ ላይ ወባ ጥሎት ከገላባት በጭነት መኪና አመጡት። አልጋው ሁሉ ተይዞ ስለነበር፣ ለወራት ተዘግቶ የከረመውን ክፍል ለምኜ አስከፈትኩለት። ትኩሳቱ ለቆት ሲነሳ ደግፌ ሻወር አስገባሁትና ውሃውን እኔው ከፈትኩለት። የማሳው አቧራ ከጀርባው እየታጠበ ሲወርድ ሳቀ።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ገና ሰው ሆንኩ!»

በሳምንቱ ትኩሳቱ ተመለሰ። ወባው አገረሸ አሉ፤ ሳል ተጨምሮ ሲጠናበት ግን ሐኪሙ ነገሩ የሳንባ መሆኑን ነገረን። መሐንዲሱ የሻወሩን ውሃ አስመረመረ፤ ያው የፈራው ባክቴሪያ ተገኘበት። የፈረምኩበትን ወረቀት ይዞ መጣ።

«ታፈሺው ነበር?»

«ተማም፣ በትክክል፣ በየሳምንቱ» አልኩት፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ። ፊርማዬን አምኖ ታንከሩን ሊያሳጥብ ሄደ። በዚያች ሰዓት ራሴን ተጸየፍኩ፤ አሁንም አልለቀቀኝም።

አጎቴ ሊያርፍ ሲል ትንፋሽ እያጠረው እጄን ያዘ። ልናዘዝለት ነበር፤ አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«እንደ ሕፃን አጥበሽ አስተኛሽኝ። እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ።»

አሜን አልኩ።